ዳማ አላበደም

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ አታውቀውም፤ ፓስተሬም አያውቀውም። በቤተ ክርስቲያናችን የምስክርነት ጊዜ ሲሰጥ ብዙ ቀን ተነስቼ ስለ ወጣትነቴ ተናግሬአለሁ። ስለ መጠጡ፣ ስለ ጫቱ፣ እናቴን ስላስለቀስኩበት ዘመን ሳወራ ሰዉ እልል ብሎልኛል። የዳማን ነገር ግን አንድም ቀን ከአፌ አላወጣሁትም። ለምን? ጠጥቶ የተመለሰ ሰው ታሪኩ ያምራል። የእኔ ይሄኛው በደል አያምርም። የሰነፍና የፈሪ ሰው በደል ነው። ለአንተ የምናገረውም ስለማታውቀኝ ነው፤ ነገ መንገድ ላይ ስንገናኝ ዓይንህን ማየት የለብኝም። ይሄም ራሱ ፈሪነት መሆኑን አውቃለሁ።

ዳማ የአጎቴ የሄራሞ ውሻ ነበር። አጎቴ ከሆሳዕና ሾኔ፣ ከሆሳዕና ዱራሜ አውቶቡስ ሲነዳ ያረጀ ሰው ነው። ሚስቱ ሞታበታለች፤ አንዲት ልጁ አግብታ ሐዋሳ ትኖራለች። እኔ ከቦኖሻ መጥቼ ሆሳዕና ቢሮ ስቀጠር፣ «የኔ ቤት እያለ ለምን ቤት ትከራያለህ» ብሎ ጓዳ ያለውን ክፍል ለቀቀልኝ። እዚያ ስኖር የሰው ቤት መሆኑ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ጡረታ እንደወጣ ስኳር አለብህ ተባለና ሐኪሙ በእግር መሄድ አዘዘለት። ብቻውን መሄድ ሲደብረው ዳማን ይዞ ወጣ። እኛ አገር ውሻ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል፣ ይጮሃል፤ ሥራው ይኸው ነው። ውሻ ይዞ የሚንሸራሸር ሽማግሌ ታይቶ አይታወቅም ነበር። አጎቴ ግን ጠዋትና ማታ ይወጣል። ክረምት ገብቶ ጭቃው ጫማ ሲያስቀር እንኳ ቦቲውን ያጠልቃል፣ ጃንጥላውን ይዘረጋል፣ ዳማን ከፊት አስቀድሞ ቁልቁል ይወርዳል። ሰው ሲስቅበት አብሮ ይስቃል።

«ውሻ ዝናብ አይፈራም» ይል ነበር። «ውሻን የሚገድለው ሥራ መፍታት ነው። መኪናስ ቆሞ ሲከርም ባትሪው ይሞት የለ?»

መብረቅና በረዶ ሆኖ ፈጽሞ መውጣት ባይቻል እንኳ ዝም ብሎ አያስቀምጠውም። ጆንያ ውስጥ ገለባ ይሞላና አጥንት ይቀብርበታል፤ ዳማ በረንዳው ላይ ያንን ሲፈለፍል ግማሽ ቀን ይውላል። አቮካዶው ዛፍ ላይ ደግሞ አሮጌ ጎማ በገመድ አንጠልጥሎለት ነበር። በአንድ በኩል ዳማ በጥርሱ ይጎትታል፣ በሌላ በኩል ሜሮን ትጎትታለች። ሜሮን የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ልጅ ናት፤ ያኔ ገና የፊት ጥርሷን እየቀየረች ነበር። ዳማ ይጥላታል፣ ትነሳለች፣ ደግሞ ይጥላታል። አንድም ቀን ጭሯት አያውቅም።

አንድ ክረምት የአጎቴ ዓይን እየደከመ መጣና ልጁ ሐዋሳ ልታሳክመው ወሰደችው። መነኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ዕቃው ከተጫነ በኋላ እጄን ያዘኝ።

«ቤቱን አደራ አልልህም፤ ቤት የትም አይሄድም» አለኝ። «አደራ የምልህ ዳማን ነው። ዘነበ ብለህ እንዳትተወው። ካልተመቸህ ጆንያውን ሙላለት። ሥራ ፈቶ እንዳይውል ብቻ።»

«አታስብ ጋሼ፤ ልክ እንዳንተ አድርጌ ነው የምይዘው» አልኩት።

አልኩት። ቃሉ ከእኔ አፍ ነው የወጣው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእርግጥ ወጣሁ። የአጎቴን ቦቲ አድርጌ፣ ሰንሰለቱን ይዤ፣ በካፊያ። ከዚያ አንድ ቀን ከሥራ መልስ የቢሮ ጓደኞቼ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተጠልለው አገኙኝ። ዳማ ያን ሰዓት ሮጦ ኩሬ ውስጥ ገብቶ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ አጨቅይቶታል።

«ዲግሪህን በውሻ አስተዳደር ነው እንዴ የያዝከው?» አለኝ አንዱ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቁት አንዷ ዛሬ ሚስቴ ናት። በነጋታው ዶፍ ሲወርድ ደስ አለኝ። በዚህ ዝናብ ማን ይወጣል ብዬ ዳማን አቮካዶው ሥር አሰርኩት። በሦስተኛው ቀን ዝናቡ አባራ፤ እኔ ግን አልወጣሁም። ዝናቡን ምክንያት አላደርገውም። ያሰረው ዝናቡ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

አጎቴ ማታ ማታ ይደውላል።

«ዛሬስ ወጣችሁ?»

«ወጣን። እስከ ስታዲየሙ ደርሰን ተመለስን።»

«ዝናቡስ?»

«ምን ያደርገናል፤ ቦቲህን አድርጌ።»

ይስቃል። «ተባረክ ልጄ» ይለኛል። ያንን ምርቃት እየተቀበልኩ ስልኩን እዘጋለሁ። ውሸት ሲለመድ እያማረ ይሄዳል። ዳማ ጥንቸል እንዳባረረ፣ ድልድዩ ላይ ከሌላ ውሻ ጋር እንደተፋጠጠ ሁሉ እፈጥርለት ነበር። ሽማግሌው ሐዋሳ ላይ ዓይኑን ታስሮ ተኝቶ በእኔ ወሬ ውሻውን ያያል። ውሻው ደግሞ በእኔ መስኮት ሥር ታስሮ ይጮሃል።

መጀመሪያ የጮኸው በሰዓቱ ነበር፤ ጠዋት መውጫው ሲደርስና ማታ መውጫው ሲደርስ። ቦቲውን ሳነሳ ካየ ይዘላል፤ እኔ ግን ወደ ሽንት ቤት ነበር የምሄደው። ከዚያ ቀኑን ሙሉ መጮህ ጀመረ። ዛፉን ሲዞር፣ ሲዞር ሣሩ አልቆ ጭቃው ክብ ቦይ ሆነ። ጎረቤት ሲያማርር ሰንሰለቱን አሳጠርኩበትና ወስጄ አጥሩ ጥግ ካለው ቋሚ ጋር አሰርኩት። ጎማው አይደርስበትም። ጆንያውን አንዴ ሞላሁለት፤ ገለባውን በረንዳው ላይ ሲበትነው ለመጥረግ ሰነፍኩና ሁለተኛ አልሞላሁም። የፊት እግሩን እያኘከ ማቁሰል ጀመረ። አይቻለሁ። ቁስሉን አይቼ በሩን ዘግቼ ገብቻለሁ። ከዚያ አንድ ሰሞን መጮሁን ተወ። ተመስገን፣ ለመደ አልኩ።

ታዲያ ውሻ ዝም ሲል ለመደ ማለት ነው? ይህን አላውቅም ነበር ልበልህ? አውቅ ነበር።

ሜሮን የመጣችው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሲዘንብ አርፍዶ ፀሐይ ብልጭ ብላ ነበር። እናቷ ሳህን ልትመልስ ልካታለች። እኔ በረንዳው ላይ ስልኬን እነካካ ነበር። ዳማ አያት። ተወረወረ። ቋሚው የበሰበሰ መሬት ላይ ነው የቆመው፤ ከነሰንሰለቱ ተነቅሎ መጣ። ሊጫወት ይሁን ሊነክስ አላውቅም፤ እሱም ያወቀ አይመስለኝም። ጣላት፣ እሷ ጮኸች፣ ቋሚው እየተከተለ ጀርባውን ሲመታው ባሰበት። ደርሼ በዱላ እስክለየው ጉንጯን ከዓይኗ ሥር ዘንጥሎት ነበር።

ጤና ጣቢያ ይዤያት የሮጥኩት እኔ ነኝ። ሸሚዜ በደም ተነክሮ ነበር። እትዬ አስካለ ከገበያ ነጠላዋ ተንጠልጥሎ ስትደርስ እጄን ስማ አለቀሰች። ነርሷ ቁስሉን በሳሙና አጥባ የመጀመሪያውን መርፌ ከወጋቻት በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«ውሻው ምን ሆኖ ነው? ታሞ ነበር?»

ያኔ ሁሉም አየኝ። ሥራ አስፈትቼ፣ አሳጥሬ አስሬ፣ እግሩን እስኪበላ ጥዬው ነው ማለት ነበረብኝ።

«እንጃ» አልኩ። «ሰሞኑን ጠባዩ ተቀይሯል። ሳያብድ አይቀርም።»

ነርሷ እንድጠብቅ ነገረችኝ። «እንዳይገደል። አስራችሁ እዩት። እስከ ሳምንት፣ አሥር ቀን ደህና ከሆነ እብደት የለበትም ማለት ነው፤ የቀረው መርፌ ይቀርላታል።»

አሥር ቀን ቢቆይ ደህና እንደሚሆን አውቅ ነበር። ሰው እየመጣ ሊያየው ነው። እግሩን ያዩታል፣ ሰንሰለቱን ያዩታል፣ ካላበደ ታዲያ ለምን ነከሰ ይላሉ። ለአጎቴም ይነግሩታል። ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ይህንን ነው። ስለ ልጅቷ ጉንጭ አላሰብኩም።

በማግሥቱ ከገበያ የአይጥ መርዝና ሥጋ ገዛሁ። አጎቴ ከሄደ ሥጋ ስሰጠው የመጀመሪያዬ ነበር። ዳማ ሲያየኝ ከታሰረበት ተነሳ። ትናንት በዱላ የደበደብኩት እኔ ነኝ፤ ቢሆንም ጅራቱን ወዘወዘ። ከእጄ ተቀብሎ በላ። እኔ ገባሁ፤ ሬዲዮ ከፈትኩ።

ጤና ጣቢያ ሄጄ፣ «ማታ በራሱ ሞተ፤ አረፋ ሲደፍቅ ነበር» አልኩ። ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሜሮን መርፌውን ሁሉ ጨረሰች። አንዱም አልቀረላትም። ገና መንገዱን ሲይዙ ልጅቷ ማልቀስ ትጀምራለች፤ ቤቴ ድረስ ይሰማኛል። እትዬ አስካለ ያን ክረምት አልተኛችም። ያበደ ውሻ የነከሰው ውሃ ይፈራል ይባላልና፣ ልጄ ውሃ ፈራች፣ አልፈራችም እያለች ብርጭቆ ይዛ ትከተላታለች። አንድ ቀን አጥሩን ተደግፋ፣ «ትተርፍልኝ ይሆን ወንድሜ?» አለችኝ። እኔ እንደምትተርፍ አውቃለሁ። ውሻው አለማበዱን በዓለም ላይ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንዲት ቃል ተናግሬ ላሳርፋት እችል ነበር።

«እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት።

አጎቴ ዓይኑ ድኖ ተመለሰ። ነገሩን በስልክ ነግሬው ስለነበር ከመኪና ሲወርድ ምንም አልጠየቀኝም። ቤት ገብቶ ባዶውን ጥግ አየ። «እንዲህ እየተንከባከብከው ካበደ እንግዲህ ምን ይደረጋል» አለ። ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች ጠርቶ እትዬ አስካለ ቤት ይቅርታ ሊጠይቅ ሄደ። ጃንጥላ ይዤ አብሬው ሄድኩ።

እትዬ አስካለ ተቀመጡ ብትል አልተቀመጠም። ስንት አገር የነዳ፣ ሰው ያከበረው ሽማግሌ ለእሷ ተንበረከከ።

«ልጅ የሚበላ ውሻ ያሳደግኩት እኔ ነኝ» አላት። «ሰው ሲስቅብኝ መስማት ነበረብኝ። ውሻ ከቦታው ማስወጣቴ ነው ያጠገበው። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይነሱ፣ እርስዎ ምን አጠፉ» እያለች እሷም አለቀሰች።

እኔ በሩ ጋ ቆሜ ነበር። አፌ ጤነኛ ነው፤ መናገር እችላለሁ። የጃንጥላውን ውሃ ደጅ አራገፍኩ።

አጎቴ ከዚያ በኋላ በእግሩ አልወጣም። ሐኪሙ ቢቆጣው፣ ልጁ ብትለምነው እምቢ አለ። ሰፈሩ ሁሉ በክፉ ዓይን የሚያየው ይመስለው ነበር። ጎማውን ከዛፉ ላይ በገዛ እጁ ቆርጦ ጣለው። ስኳሩ ወደ እግሩ ወረደ፤ እግሩ ተቆረጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። የገደልኩት እኔ ነኝ ብል ሐኪም አያምነኝም። አንተስ ምን ትላለህ? በመጨረሻው ሰሞን አልጋው ጎን ተቀምጬ ሳለ፣ «አንተ እንኳ አደራዬን አልበላህም» አለኝ። ሐዋሳ ሳለ በስልክ ሳወራለት የነበረውን እያሰበ ነው። ደግሞ እጄን ያዘ። እኔም እጄን ሰጠሁት።

ዛሬ ያ ቤት የእኔ ነው፤ ልጁ ሐዋሳ ሆና ለእኔ ተወችልኝ። እትዬ አስካለም አሁንም ጎረቤቴ ናት። ሜሮን ባለፈው ዩኒቨርሲቲ ደረሳት። ጉንጯ ላይ ያለው ጠባሳ ስትስቅ ወደ አንድ በኩል ይጎትታታል፤ ስለዚህ አትስቅም። እናቷ ለመሸኛ ድግስ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። እኔና ሚስቴም ሄድን። ምግቡ ሲቀርብ እትዬ አስካለ ክንዴን ይዛ ወደ እንግዶቹ አዞረችኝ።

«ይሄን ወንድሜን እዩልኝ» አለች። «ልጄን ካበደ ውሻ አፍ አውጥቶ፣ በደም ተነክሮ ጤና ጣቢያ ያደረሳት እሱ ነው። እሱ ባይኖር ዛሬ ሜሮን የለችም። በሉ ቅድሚያ ለሱ።»

ሜሮን ራሷ ማስታጠቢያ ይዛ መጣች፤ ጎንበስ ብላ ውሃ አፈሰሰችልኝ። ጠባሳው ከፊቴ ነበር። ሚስቴ ኮርታ ታየኛለች። ሰው ሁሉ እኔ እስክጀምር ይጠብቃል።

ይቅርታ አልጠይቅህም። ይቅር ማለት የምትችለው ያቺ ልጅ ናት፤ እሷን አልጠየቅኳትም። እጄን ታጠብኩ፣ አመሰገንኳት፣ ከሁሉም በፊት ቆርሼ በላሁ።