ሽማግሌዎች ፊት የተመዘገበው ግድግዳ

ያገባሁ ዓመት የሆነ ነው። ነገሩ የቤት ግብር ቅሬታ ነው፤ ስሙ ሲጠራ እንኳ እንቅልፍ ያመጣል። እኔ ግን አንድ ሽማግሌ ግድግዳ ተደግፈው ሲቀመጡ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኝና ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

ቤታችን ደብረ ማርቆስ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ በገዛ እጁ የሠራው፣ የባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞለት በጭቃ የተመረገ ቤት ነው። እሱ ካረፈ በኋላ የምንኖርበት እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። እናቴ የሺወርቅ ትባላለች። የምትተዳደረው ከአባቴ በቀረላት ጡረታ ነው፤ እኔም አንድ የግል ክሊኒክ ካርድ ክፍል ስለምሠራ እደጉማት ነበር። ሰው ፊት ማነስን ከረሃብ አስበልጣ የምትፈራ ሴት ናት። እንግዳ ሊመጣ ነው ከተባለ አፉ የተሸረፈ ብርጭቆ እኛ ቤት ተፈልጎ አይገኝም፤ ሁሉም አልጋ ሥር ይገባል።

እጮኛዬ ሽማግሌ የላከ ጊዜ ይህ ጠባይዋ ባሰባት። ሽማግሌዎቹ በመጀመሪያው ቀን ግቢ ውስጥ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ። ወጉ ነውና "ዘመድ እስክናማክር ቆይታችሁ ተመለሱ" ተባሉ። ዘመድ የማማከሩ ነገር እንኳ በአንድ ስልክ ያለቀ ነበር። እናቴ ጊዜውን የፈለገችው ለሌላ ነው። እነሱ በሄዱ በማግስቱ ግንበኛ አስጠራችና ቤቱን ከውጭ በሲሚንቶ አስለሰነችው። ለውስጡ ሲሚንቶው ስላልበቃ ስስ ተደርጎ ተቀባባ። ሲደርቅ ላዩ ላይ ክሬም ቀለም ተቀባ። እውነት ለመናገር ቤቱ አማረበት። ከመንገድ ላይ ላየው ሰው የብሎኬት ቤት ነው።

ሽማግሌዎቹ ለመልስ ተመልሰው ሲመጡ ወደ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። መልሱን የሚሰጠው አጎቴም ከደምበጫ መጥቶ ነበር። እኔ እንደ ደንቡ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አያለሁ። ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት የእጮኛዬ አጎት ጋሽ ይስማው ናቸው። ግድግዳውን በተጠጋው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገዋል።

ልክ ወሬው ወደ ቁም ነገሩ ሊገባ ሲል ሁለት ሰዎች ግቢው ውስጥ ገቡ። በዚያ ሰሞን የቤት ግብሩ እንደ አዲስ ሊተመን ስለነበር ቤት ለቤት እየዞሩ የሚመዘግቡ ሠራተኞች ናቸው። ስፋቱን በሜትር ለኩ፤ ጣሪያውን አዩ። ልስኑ ግድግዳውን ስለሸፈነው አንደኛው በሩ ላይ ቆመና በትሕትና ጠየቀ።

"እማማ፣ ግድግዳው ምንድን ነው?"

በቤቱ ውስጥ ያለው ሽማግሌ ሁሉ ወደ እናቴ ዞረ።

"ብሎኬት ነው!" አለች፤ ጎረቤትም እንዲሰማ ይመስል ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

እኔ ጓዳ ሆኜ አፌን በእጄ ያዝኩ። ሰውየው መዘገበ፣ አስፈረማት፣ ሄደ። አጎቴ አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ "እሺ" ተባለ፣ ተመረቀ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። እናቴ ያን ዕለት ከኔ በላይ ሙሽራ ነበረች።

የግብሩ ግምት የደረሰን ሰርጉ ሲቃረብ ነው። እናቴ ወረቀቱን ለኔ ሰጠችና ፊቴን እያየች ቆመች። ግብሩ በጎረቤቶቻችን የጭቃ ቤቶች ላይ ከተጣለው ጋር የሚገናኝ አይደለም። ለሷ ጡረታ የማይቀመስ ነው።

"ምንም አይደለም" አለች። "አንቺ ከሄድሽ በኋላ ፊት ለፊቱን ክፍል ለሱቅ አከራየዋለሁ። እኔ ጓዳው ይበቃኛል።"

ፊት ለፊቱ ክፍል ማለት ቤቱ ራሱ ማለት ነው። አባቴ ታሞ የተኛውም፣ ያረፈውም እዚያ ነው። እናቴ በዚያ በመንገዱ መስኮት አላፊ አግዳሚውን ሰላም ካላለች ቀኑ የመሸላት አይመስላትም። ጓዳው ደግሞ መስኮት እንኳ የለውም። እኔ ወደ ባሌ ቤት ስሄድ እናቴ ብቻዋን ጨለማ ክፍል ውስጥ ስትቀመጥ ታየኝ።

"ቅሬታ እናስገባ። የጭቃ ቤት ነው እንበል" አልኳት።

"እብድ ነሽ? አማቾቼ ቢሰሙ ምን እባላለሁ? በሽማግሌ ፊት ዋሸች አልባልም? ሰርጉ ይለፍና አስገቢ!"

የቅሬታው ማስገቢያ ጊዜ ግን ሰርጉን አይጠብቅም። ከዚያ በፊት ያልቃል።

ጭንቀቴን ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሳወራት ኢንጂነር ብርቱካንን ነገረችኝ። ብርቱካን የቤት ፕላን የምትሠራ፣ ለብድርና ለውርስ የቤት ግምት የምታወጣ ወጣት መሐንዲስ ናት። ትንሽ ቢሮ አላት። ሄጄ ሁሉንም አጫወትኳት፤ የሽማግሌዎቹን ነገር ስነግራት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ "ነገ መጥቼ አየዋለሁ" አለችኝ።

መጣች። ግድግዳውን በጣቷ መታ መታ አደረገች፤ የመስኮቱን ጠርዝ አየች፤ ጥግ ጥጉን ዳሰሰች። እናቴ የሐኪም ቃል እንደሚጠብቅ አስታማሚ ትከተላታለች።

"እትዬ፣ ይህን የለሰነልዎ ሰው ጎበዝ ነው" አለቻት።

እናቴ ደስ አላት። "የታወቀ ግንበኛ ነው!"

"መጎበዙ ነው ችግሩ" አለች ብርቱካን። ቀስ ብላም አስረዳቻት። መዝገቡ ላይ ያለው የእናቴ የራሷ ቃልና ፊርማ ስለሆነ በሌላ ቃል ብቻ አይሻርም። እሷ የቤቱን ግምት በሙያዋ ሠርታ ከማመልከቻው ጋር ታስገባለች። ቅሬታ ሰሚው ኮሚቴ ቤቱ ድረስ ይመጣል። ያን ጊዜ ልስኑ መዳፍ በምታህል ቦታ ይነሣና ውስጡ ይታያል። "ዋሽቼ ነው ማለት አይጠበቅብዎትም። በስህተት ተመዝግቧል እንላለን። እውነትም ስህተት ነው።"

"ቀዳዳው ከአልጋው ኋላ ይሁንልኝ" አለች እናቴ።

"ከፈለጉ ይሁን።"

"ኮሚቴው እነማን ናቸው?"

"ሁለት የመንግሥት ሠራተኞችና አንድ የነዋሪ ተወካይ።"

እናቴ ትንሽ አሰበች። "እነሱማ እኔን የት ያውቁኛል" አለችና ማመልከቻው ላይ ፈረመች።

ኮሚቴው የመጣ ቀን ከጠዋት ጀምሮ ያካፋ ነበር፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። እኔ ከሥራ አስፈቅጄ ቀርቻለሁ። ብርቱካን መዶሻና መሮ ይዛ ቀድማ ደርሳለች። በሩ ሲንኳኳ እናቴ ከፈተች። ሁለት ጎልማሶች ገቡ። ከኋላቸው ዝናቡን ከጋቢያቸው እያራገፉ የነዋሪው ተወካይ ገቡ።

ጋሽ ይስማው ናቸው።

እናቴ የሰላምታውን ቃል ጀምራ አልጨረሰችውም። እኔ ወንበር አቀርባለሁ ብዬ ከወንበሩ ጋር ተጋጨሁ። እሳቸው ግን ምንም እንዳልተፈጠረ "እንደምን አላችሁ፣ ደኅና ናችሁ?" ብለው ያችኑ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ያንኑ ቦታ ይዘው ተቀመጡ።

እናቴ እጄን ጎትታ ጓዳ አስገባችኝ።

"አሁን ልመልሳቸው ነው። ግብሩን እከፍላለሁ።"

"እማዬ፣ ከምኑ ትከፍይዋለሽ?"

"ክፍሉን አከራየዋለሁ አልሁሽ! ልጄ ውሸታም ቤት አደገች ተብላ አትዳርም።"

ይህን ሁሉ የምትሸከመው ለኔ ብላ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ለራሷ ኩራት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ጥላኝ ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ መሐል ቤት ቆመች።

"በዝናብ ስላደከምናችሁ ይቅርታ አድርጉልን" አለች። "ልጆች ሳይገባቸው ነው ያመለከቱት። ቤቱ ብሎኬት ነው።"

ብርቱካን መሮዋን ይዛ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ሁለቱ ሠራተኞች እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው "እንግዲያው ቅሬታውን ትተዋል ብለን እንመዝግብ?" ብሎ ጠየቀ።

እናቴ አፏን ከመክፈቷ በፊት ጋሽ ይስማው "ቆይ" አሉ።

ጀርባቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ ነበር የተናገሩት። "ወይዘሮ የሺወርቅ፣ እኔ የምኖረው ብሎኬት ቤት ነው። ልጆቼ ጥሩ ይሆንለታል ብለው ሠሩልኝ። ከገባሁበት ቀን ጀምሮ ግድግዳውን ተደግፌ አላውቅም፤ ይበርዳል፣ ወገቤን ይይዘኛል። ያን ለታ እዚህ ተደግፌ ስቀመጥ ሞቆኝ ነው የዋልሁት። ከዚህ ተነሥቼ ለመሄድ እንኳ ከብዶኝ ነበር። የጭቃ ቤት መሆኑን ያኔውኑ አውቄዋለሁ።"

እናቴ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ "ታዲያ ያን ለታ ለምን ዝም አሉኝ?" አለች፤ ድምፅዋ የልጅ ሆኖ።

"ሴት ልጅ ልለምን መጥቼ ግድግዳ ልመርምር?" አሉ ጋሽ ይስማው።

ከዚያ ተነሡና ወደ ሁለቱ ሠራተኞች ዞሩ። "እኔ ከዚህ ቤት ጋብቻ ጀምሬአለሁ። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የለሁበትም። እናንተ በዓይናችሁ አይታችሁ ወስኑ። እኔ ውጭ እቆያለሁ።" ጋቢያቸውን ተከናንበው በረንዳው ላይ ወጥተው ቆሙ።

ብርቱካን ወደ አልጋው ልትሄድ ስትል እናቴ ጠራቻት።

"ልጄ፣ ወዴት ትሄጃለሽ? እዚህ ምቺው።"

በሩን አልፋ ያሳየቻት ቦታ ከአልጋው ኋላ አልነበረም። ከዋናው በር አጠገብ፣ ከውጭ በኩል፣ ገቢ ወጪው የሚያየው ቦታ ነው። ብርቱካን "እርግጠኛ ነዎት?" አለቻት። እናቴ መዶሻውን ራሷ ልትቀበላት ምንም አልቀራት።

ልስኑ ሲነሣ ቀዩ ጭቃ ታየ፤ ጭዱ ሳይበሰብስ እንዳለ አለ። ከበስተውስጡ የማገሩ እንጨት ብቅ አለ። ሠራተኞቹ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ፎቶ አነሡ፣ ብርቱካን ከሠራችው ግምት ጋር እያስተያዩ ጠየቋት፤ እሷም አንድ በአንድ መለሰችላቸው። እናቴ ይህን ሁሉ አትሰማም። ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ አስገብታ ጭቃውን ትዳስሳለች።

"ይህን ያቦካው አባትሽ ነው" አለችኝ። "ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ሲረግጠው ይውል ነበር። እኔ ነበርሁ ጭዱን የምበትንለት።"

ይህን ነግራኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም። አለቀስኩ፤ ብርቱካንም ዓይኗን ስታሻሽ አይቻታለሁ፤ አቧራ ነው ብላለች።

ውሳኔው ብዙ ሳይቆይ መጣ። ቤቱ እንደ ጭቃ ቤት ታርሞ ተመዘገበና ግብሩ ከጎረቤቶቻችን ጋር ተስተካከለ። ፊት ለፊቱ ክፍል ሳይከራይ ቀረ። ግንበኛው ቀዳዳውን በድጋሚ ለሰነው፤ ቀለሙ ግን ከበፊቱ ጋር ሳይገጥም ቀረ። የሰርጉ ዕለት በር ላይ ጎላ ብሎ ይታይ ነበር። እኔ አበባ ልሰቅልበት ስል እናቴ "ተይው" አለችኝ። ሚዜዎቹ ሲገቡ አንዱ "ይህ ምን ሆኖ ነው?" ቢላት "ቤቴ የጭቃ ስለሆነ ነው" ብላ መለሰችለት፤ ሳይጠይቋትም ለሌሎቹ ነገረች።

አሁን እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ተከራይተን ብሎኬት ቤት ውስጥ ነው። ብርዱ ሲጠና ወንበሬን ከግድግዳው ሳርቅ ጋሽ ይስማው ትዝ ይሉኛል። ያን ቀን ሁለት ቃል ተናግረው እናቴን ማሳፈር ይችሉ ነበር፤ ዝም ብለውም ቅሬታው ሲዘጋ ማየት ይችሉ ነበር። ሁለቱንም አላደረጉም። ሰው እንዲህ አድርጎ ሰውን ከውርደት ሲያወጣ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም፤ እወዳቸዋለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ የጋሽ ይስማው ልጅ ስልክ ደወለልኝ። ወገባቸውን አሟቸው ሰንብተው ነበርና ከቤት ሲያጣቸው ደንግጧል። እኔም ደንግጬ ለእናቴ ደወልኩ።

"እዚህ ናቸው" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ግድግዳውን እንደተደገፉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ዝናቡ እስኪያባራ እንዳትቀሰቅሷቸው።"