ላኪ የሌለው ፍላሽ

እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ቤቴ በየመንገዱ ነው፤ ቡሬ ከወንድ ልጄ ዘንድ እሰነብታለሁ፣ ፍኖተ ሰላም ከልጅ ልጄ ዘንድ አድራለሁ፣ ፈረስ ቤት ታናሽ እኅቴ አለች፣ ዱርቤቴም የባለቤቴ ዘመዶች አሉኝ። እንግዲህ በዚያ መስመር ዕቃ የሚልክ ሁሉ እኔን ነው የሚጠብቀው። ድሮ የሚላከው ቅቤ ነበር፣ በርበሬ ነበር፣ ለታመመ ሰው ጠበል ነበር። እሱ አይከፋም። ያንገሸገሸኝ ፍላሽ የሚሉት ነገር ነው። ቅቤ ቢፈስ ይሸታል፣ በርበሬ ቢበተን ያስነጥሳል። ፍላሽ ግን ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬው እንኳ ያለ አይመስለኝም፤ መኪና ውስጥ ቋጠሮዬን ስዳብስ እውላለሁ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ገንዘብ የያዝሁ ይመስለዋል።

ይህን ጣጣ ያመጣችብኝ የልጅ ልጄ ናት። ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምራ ስትጨርስ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ፍኖተ ሰላም መጥታ፣ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራይተው ፕሮግራም ይሠሩ ጀመር። ደንበኛቸው አንድ ብቻ ነበር፣ ለገበሬ ምርጥ ዘር የሚያከፋፍል ማኅበር። ማኅበሩ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬና ፈረስ ቤት መጋዘን አለው። ገበሬው መጥቶ ስሙንና ቀበሌውን ይናገራል፤ ፕሮግራሙ ለዚያ ቀበሌ የሚስማማውን ዘር መርጦ በቁራጭ ወረቀት ያወጣለታል፤ እሱም ወረቀቱን ይዞ ዘሩን ይረከባል። ጥሩ ነገር ነው፤ አልጠላሁትም።

ዳሩ ግን አንድ ዓመት ፈረስ ቤት ላይ ነገሩ ተገለበጠ። ለደጋው ገበሬ የቆላ በቆሎ ወጣለት። ሰዉ ዘሩን አህያ ላይ ጭኖ አገሩ ከደረሰ በኋላ ነው የነቃው፤ ያንን ሁሉ ዳገት መልሶ ተሸክሞት መጣ። የልጅ ልጄ ስትሰማ እንደ እብድ ሆነች። ያን ስሕተት እኮ ቀድማ አርማው ነበር። የታረመውን ሰጥታለች፤ የፈረስ ቤቱ መጋዘን ጠባቂ ግን የእሷን ትቶ ያልታረመውን ከቡሬው አስገልብጦ ይሠራ ኖሯል። የቡሬው መጋዘን ጠባቂ ማን መሰላችሁ? የኔው ልጅ፣ አጎቷ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አልተቆጣም። መቆጣቱ ይሻል ነበር። «ዘንድሮ ዘር መከፋፈል ሳይጀመር ሦስቱም መጋዘን አንድ ዓይነት ካልሠሩ፣ ልጄ፣ በሰላም እንለያያለን» አላት። ሌላ ደንበኛ የላትም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ደግሞ ነይልን እያለ ይጠራታል። ውሉ ከፈረሰ መሄዷ ነው፤ መሄድ ግን አልፈለገችም። «እዚያ ሄጄ ለባንክ ከምሠራ እዚህ ለገበሬ ብሠራ» ትላለች። እሷ ከሄደች ደግሞ ፍኖተ ሰላም ለኔ አውቶቡስ መለወጫ ብቻ ሆና መቅረቷ ነው።

ያን ጊዜ ነው ማከማቻ የምትለውን ያቆመችው። ከጠረጴዛው ሥር አንድ ጥቁር ኮምፒውተር አስቀምጣ፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ አጠገቡ አድርጋ፣ እንደ ታቦት ተጠንቀቁለት አለችን።

«ተሠርቶ ያለቀ ሁሉ እዚህ ይገባል» አለችኝ። «ሲገባ ቁጥር ይሰጠዋል። ከገባ በኋላ ማንም አይነካውም፣ እኔም አልነካውም። ስሕተት ቢገኝበት ሌላ ይሠራል፣ ሌላ ቁጥር ይሰጠዋል። መጋዘኖቹ ከዚህ ብቻ ይወስዳሉ።»

«የቡሬው ለፈረስ ቤቱ ቢያውሰውስ?»

«አይዋዋሱም።»

«ሰው እንዴት አይዋዋስም?»

«እናታለም፣ ይህ ወንፊት አይደለም።»

ደግሞ ሌላም ነገር አለው። ፕሮግራሙ ሁሉ የእነሱ እጅ ሥራ አይደለም፤ ሌሎች ሰዎች በየአገሩ የሠሯቸውን ቁርጥራጮች በኢንተርኔት እያመጡ ይገጣጥሙበታል። ኢንተርኔቱ ዝናብ ሲዘንብ ይጠፋል፣ ነፋስ ሲነፍስ ይጠፋል፣ እንዲያውም ይጠፋል። ሲመጣም ያው የትናንቱ ቁራጭ ተለውጦ ይመጣና ትናንት የሠራው ዛሬ አልሠራ ይላል። ስለዚህ የተፈተነውን ቁራጭ ሁሉ ማከማቻው ውስጥ አስቀመጠችው። ይህ ገባኝ። በየዓመቱ ዘር ከጎረቤት የሚበደርና ዘሩን ከራሱ ማሳ መርጦ የሚያስቀምጥ ገበሬ አንድ አይደሉም።

አንዱ ጓደኛዋ ግን አልገባው አለ፤ ወይም ገብቶት ሰነፈ። ጨርሻለሁ ይላል፣ ሥራው ግን ከራሱ ላፕቶፕ አይወጣም። «ለሦስት ሰው ይህ ሁሉ ሥርዓት ምን ያደርጋል? የሚፈልግ ከኔ ይውሰድ» ይላታል። እሷም «አንተ ትኩሳት ቢይዝህ አገሩ ሁሉ ዘር ሳይወስድ ይክረም?» ትለዋለች። እየተነታረኩ ዘር የሚከፋፈልበት ጊዜ ደረሰ፤ ሥራውን ማከማቻው ውስጥ ያስገባውም በመጨረሻው ሰሞን ነው።

እኔ ያን ሰሞን ቡሬ ነበርሁ። ወደ ፈረስ ቤት፣ እኅቴ ዘንድ ልሄድ ተነሣሁና ልጄ ሊሸኘኝ መናኸሪያ ድረስ መጣ። መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል በመስኮት የክብሪት ቀፎ ሰጠኝ። ከፈት አደረግሁት፤ ፍላሽ።

«እማየ፣ ለፈረስ ቤቱ ጓደኛዬ ያድርሱልኝ። ፕሮግራሙ አስቸገረኝ ብሎ ደውሎልኛል።»

«አትዋዋሱ ተብላችሁ የለም እንዴ?»

«እሷ ልጅ ናት። የኔው ደኅና እየሠራ ሰው ለምን ይቸገራል? ቡሬ የሠራ ፈረስ ቤት ምን ይሆናል?»

«ፈረስ ቤት ደጋ ነዋ።»

«ኮምፒውተር ብርድ አያውቅም እማየ። በጊዮርጊስ አደራ።»

በጊዮርጊስ ከተባለ በኋላ አልቀበልም አይባልም። ይህን አሳምሮ ያውቃል፤ ለዚያ ነው ያለኝ። መኪናው ማንኩሳን እስኪያልፍ ድረስ በሆዴ ስሰድበው ሄድሁ፤ የወለድሁት ነውና ስድቡም ወደኔው ይመለሳል።

ፍኖተ ሰላም ስደርስ ዝናቡ ያወርደዋል፣ ኢንተርኔቱ ከጠፋ ሰንብቷል። የልጅ ልጄ ቦርሳዋን አንግታ ቆማ አገኘኋት። በማግሥቱ ሊቀ መንበሩ ሦስቱም መጋዘን ስልክ ሊደውል ነው። ወረቀቱ ከግርጌው የፕሮግራሙን ቁጥር አብሮ ያወጣል፤ ቁጥሩን ያስነብባቸዋል፣ አንድ ከሆነ አንድ ነው፣ ካልሆነ አበቃ። የፍኖተ ሰላሙ ተጭኗል። በኢንተርኔት መላክ ስለማይቻል ለቡሬው ራሷ ልትሄድ ነው። ፈረስ ቤት የሚሄድ ሰው ጠፍቷል፤ ጓደኞቿ አንዱ ታሟል፣ አንዱ ቤተ ሰቡ ዘንድ ሄዷል። እኔን ስታይ ፊቷ በራ። የክብሪት ቀፎውን ስታይ ደግሞ ጠቆረ።

«ከአጎቴ ነው?»

«ከእሱ ነው።»

«ይስጡኝ። ያለበትን አጥፍቼ ትክክለኛውን ልጫንበት።»

«አይሆንም።»

«አሁን በቶሎ ነው የምመልስልዎ።»

«አደራ ነው። እንደተሰጠኝ ነው የማደርሰው።»

«እናታለም፣ ያለበት እኮ ስሕተት ነው።»

«ስሕተቱን እንደ ስሕተቱ አደርሳለሁ። እኔ እጅ ላይ እየተለወጠ የሚደርስ ከሆነ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል? ያንቺስ ሣጥን የገባበት አይነካም አላልሽኝም?»

ቦርሳዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። «ጓደኛዬ ይህን ያህል ቢገባው ኖሮ ዛሬ እዚህ አንደርስም ነበር» አለች። ከዚያ ከማከማቻው ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጣ፣ ነጭ ፕላስተር ለጥፋ፣ ቁጥሩን በእስክርቢቶ ጻፈችበት። መሠረተ ትምህርት ፊደል ካስቆጠረኝ ወዲህ ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፣ ቁጥር ግን ማንበብ እችላለሁ። «ሁለቱንም ያድርሱ፤ የኔን እንዲጭን ግን ይንገሩልኝ» ብላኝ ወደ ቡሬ ሄደች።

እኔም ጭቃው ጎማ እያስያዘ እያስለቀቀ በማግሥቱ ረፋድ ፈረስ ቤት ገባሁ። መጋዘን ጠባቂው የለም፤ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ገብቷል። ደጃፉ ላይ ከተደረደረ ከረጢት ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ስብሰባው አያልቅም። አንዱ ወጣ ይልና «አሁን ያልቃል እማማ» ብሎኝ ተመልሶ ይገባል። ቀትር ሲያልፍ ሰውየው እየሳቀ መጣ፣ ጉልበቴን ሳመ፣ ከፈተ፣ አስገባኝ።

የክብሪት ቀፎውን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ፕላስተር ያለበትን ከጠረጴዛው ዳር ወርወር አደረገው። ወዲያው የቡሬውን ሊሰካ ኮምፒውተሩን አስነሣ።

«ቆይ ልጄ፣ የሚጫነው ያኛው ነው።»

«ያኛው ምንድን ነው?»

«የማከማቻው ነው።»

«ላኪው ማነው?»

«ማከማቻው ነዋ። ፍኖተ ሰላም ያለው።»

«እማማ፣ ሰው በስሜ የላከልኝን ትቼ ሣጥን የላከልኝን ልጫን?»

«ሣጥኑም ሰው አለው። የልጅ ልጄ ናት።»

«ታዲያ ለምን በስሟ አልላከችልኝም? ጓደኛዬ በጊዮርጊስ ብሎ ነው የላከልኝ። እሷ በማን አለች?»

የተማረ ሰው ዕቃውን ቁጥር ይለጥፍበትና ይልከዋል፤ ቁጥሩ ይበቃዋል። ይህ ሰውዬ ደግሞ የማያውቀው ቁጥር ከሚያውቀው ሰው ይበልጣል ቢባል አይሰማም። ያን ሁሉ ማከማቻ ስትሠራ፣ ያን ሁሉ ሥርዓት ስታወጣ፣ አደራ የሚል ሰው አላስቀመጠችበትም። እሷንም እሱንም አጠገብ ላጠገብ አቁሜ ጆሯቸውን ብቆነጥጥ ደስ ባለኝ።

«በል እንግዲህ እኔ ብያለሁ» አልሁት። «የቡሬውን አደራ አድርሻለሁ፤ እጅህ ገብቷል፣ ከሱ ነጻ ነኝ። ይህን ደግሞ በማርያም አደራ እልሃለሁ፤ የምትጭነው ይህን ነው።»

«እማማ፣ ኧረ አያስጨንቁኝ።»

«በማርያም ብያለሁ።»

ጭንቅላቱን አከከ። የቡሬውን ወደ ክብሪት ቀፎው መለሰና ባለ ፕላስተሩን ሰካው። ጭኖ ሲጨርስ ደጅ ከቆሙት አንዱን ገበሬ ጠርቶ ስሙንና ቀበሌውን አስገባለት፤ ወረቀቱ ወጣ። ገበሬው ለሚያነብለት ሰው ሰጠው፤ የደጋ ዘር ነው። ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ከመጋዘኑ ጀርባ ወዳለው ጉብታ ወጣ። እኔም ተከትዬው ወጣሁ፣ አላመንሁትማ። ስልኩ ሲጮኽ ከግርጌ ያለውን ቁጥር ጮኾ አነበበ። የሊቀ መንበሩ ድምፅ እኔም ዘንድ ደረሰ፤ ፍኖተ ሰላምም ቡሬም ይህንኑ ነው ያነበቡልኝ፣ ዘሩን ማደል ጀምሩ አለ።

ፍኖተ ሰላም ስመለስ የልጅ ልጄ ከቡሬ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ተጋድማለች። አጎቷ ሲያኮርፍባት ውሎ በመጨረሻ አስጭኗታል። የኔን ነገርኋት። ብድግ አለች።

«በማርያም? ሥርዓቱን በማርያም አስጫኑት?»

«ተጭኗል አይደል?»

«ነገ ሌላ ቁጥር ሲወጣስ? ቁጥሩን አይቶ እንዲያምን እኮ ነበር የፈለግሁት።»

«እሱን ሌላ ጊዜ አስተምሪው። ዛሬ ዘሩ ይታደል።»

ተናደደችብኝ። እኔም ተናደድሁባት። በማግሥቱ ግን አዲስ አበባ ደውላ፣ ሥራ ስላለኝ አልመጣም አለቻቸው፣ አጠገቤ ቆማ።

ብዙም ሳይቆይ ሌላ ቁጥር ወጣ። የፈረስ ቤቱ ሰውዬ በስልክ፣ በኢንተርኔት የመጣ አልጭንም፣ እማማ ይዘውት ይምጡ አለ። የቡሬው ልጄም ይህን ሰምቶ ኖሮ፣ እናቴ ለእሱ ይዘው ሄደው ለኔ በኢንተርኔት ይላክልኛል ብሎ አኮረፈ። የልጅ ልጄ ሁለት ፍላሽ ይዛ መጣች።

«እናታለም፣ ነገ ይነሣሉ?»

«እኔ ወደ ዱርቤቴ ልሄድ ነበር።»

«ዱርቤቴ መጋዘን የለንም» አለችኝ፣ ፕላስተሩን በጥርሷ እየቆረጠች።