ሙሉነህ ሦስት ጊዜ የጠራኝ ቀን

እናንተ ልጆች ጦርና ውሻ ስላላችሁ አደን ያወቃችሁ ይመስላችኋል። ተቀመጡና ስሙኝ። መስቀል ሊደርስ ሲል ነው፤ ከደምበጫ በታች በቆሎው እሸት ይዞ ከርከሮ እየገባ ፈጀው። ሥጋው አይበላ፣ ቆዳው አይጠቅም፤ ለማሳችን ስንል ወጣን። እኔ፣ የሚስቴ ወንድም ሙሉነህ፣ አራት ጎረቤቶችና አምስት ውሾች ነበርን። ሌሊቱን ዘንቦ ስላደረ ዱካው ጭቃው ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ኮቴው የትልቅ ወንድ ነው።

በእኛ ዘንድ ሸለቆ አፍ ላይ የሚቆም ሰው ሕግ አለው፤ ዓይኑን ከአውሬው መውጫ አይነቅልም። ጎረቤቶቻችን ውሾቹን ከላይ ለቀቁ። እኔ ጦሬን ይዤ፣ መጥረቢያዬን መታጠቂያዬ ላይ ሽጬ ከታች ቆምኩ። ሙሉነህ ከእኔ ሃያ እርምጃ ይርቃል። ቁጥቋጦው ተነቃነቀ። እያንዳንዷን ቅጠል አያለሁ፤ ትንፋሼን ውጫለሁ። ድንገት አንድ ሰው ገፍትሮ ጣለኝ።

ከርከሮው በጎን ፈፋ ዞሮ በጀርባዬ መጥቶ ኖሯል። ለእኔ የመጣውን ክራንቻ ሙሉነህ በጭኑ ተቀበለው። ከርከሮው አንስቶ አፈረጠው፤ ተመልሶ ሆዱን ቀደደው። ጦሬን ከአውሬው ብብት ሥር ሰካሁበት፤ ዘንጉ ተሰበረ። በመጥረቢያ አናቱን ፈለጥኩት፤ ከሞተ በኋላም መምታቴን አላቆምኩም። ደሙ የማን እንደሆነ አይለይም። ቁስሉን በጋቢዬ አስረን ሙሉነህን ተሸከምነው፤ መኪና መንገድ ሳንደርስ አረፈ።

ለቅሶው ላይ ሚስቱ «አልጠራህም?» አለችኝ። «አልጠራኝም» አልኩ። ማርያም ምስክሬ ናት፣ የማውቀው ይህንኑ ነበር። ከላይ የነበሩት ግን ሦስት ጊዜ «ከኋላህ!» ሲል ሰምተዋል። ከዚያ ወዲያ ፈሪና ውሸታም ተብዬ ኖርኩ።

የሙሉነህ ልጅ ውባለም ደብረ ማርቆስ ተምራ ዛሬ የሰው ጆሮ ትመረምራለች። አምና የኔን አይታ «ጋሼ፣ ጆሮዎ ደህና ነው» አለችኝ። «ዓይን አንድ ነገር ላይ ሲተከል አንጎል ወደ ውስጠኛው ጆሮ ትእዛዝ ይልካል፤ ድምፁን ገና እዚያው ያዳክመዋል። አባቴ ጠርቶዎታል፤ እርስዎም አልዋሹም።» እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

እና መውጫው ላይ ሁለት ሆናችሁ ቁሙ። አንዱ ይይ፤ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ፣ እጁንም ከሚያየው ሰው ትከሻ ላይ አያንሳ። አደጋ ሲመጣ ይጎትተው እንጂ በጩኸት አይተማመን።

ልጁ ገብቷታል፤ ሚስቱም ይቅር ብላኛለች። ሙሉነህ ግን ሰምቼ ዝም ያልኩት መስሎት ነው የሞተው።