ከአኖ ነቀምቴ፦ ዘንድሮስ ጉልበቴን አልልም

ንጋት 12 ሰዓት፣ አኖ

ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ በአፌ አልዞረም። ከቀሚሴ ስር የአሮጌ አንሶላ ቁራጭ ደራርቤ ታጥቄያለሁ። የወር አበባዬ ከቀረ ወዲህ ሳስልም ስስቅም ሽንቴ ያመልጠኛል። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ከደጁ አላልፍም፤ ለጠየቀው ሁሉ ባለቤቴ ጉልበቷን አሟት ነው ይላል። አምና ነቀምቴ ሐኪሙ ፊት ስቀርብ አፌ ተሳሰረና እኔም «ጉልበቴን» አልኩ። የጉልበት ቅባት ይዤ ተመለስኩ፣ እኔ ጅሏ! ዘንድሮ ልናገር ምዬ ወጥቻለሁ፤ ፍርሃቱ ግን ቀድሞኝ ተሳፍሯል።

ሹፌሩ «ሽንት ቤት የምትሄዱ አሁኑኑ፤ ሲሬ ሳንደርስ አልቆምም፣ መንገዱን ታውቁታላችሁ» አለ። ሦስቴ ተመላለስኩ።

«እማማ፣ እዚያ ምን ረስተው ነው?» አለኝ ሹፌሩ።

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። አጠገቤ የተቀመጡት ጎረቤቴ እትዬ አስካለ ከሁሉ በላይ ሳቁ። ለደም ግፊታቸው ነው የሚሄዱት፤ እሳቸው የሰሙትን አኖ ሳይሰማ አያድርም።

1 ሰዓት፣ ሲሬ መዳረሻ

በቆሎ፣ ማንጎ፣ የከሰል ጆንያ፣ ጉድጓድ። ጉድጓድ በገባን ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ። ከዚያ መንገዱ ላይ የተወጠረ ገመድ፣ የፍተሻ ኬላ። ወረድን፤ ሴቶች ለብቻ ተሰለፍን። የፈታሿ ልጅ እጅ ወገቤ ላይ ቆመ።

«አዴ፣ ይሄ የታሰረው ምንድን ነው?»

እትዬ አስካለ ከኋላዬ አንገታቸውን አሰገጉ። እውነት ለመናገር፣ ፈንጂ ይዛለች ተብዬ መታሰሩ ለአንድ አፍታ ቀለለኝ። ጆሮዋ ስር ተጠግቼ «ጨርቅ ነው ልጄ፤ ሽንቴን መያዝ አቅቶኝ» አልኳት።

እጇን ሰበሰበች። «መድኃኒት አለው እንዴ?»

«ልጠይቅ እየሄድኩ ነው።»

«ስትመለሺ ንገሪኝ። እናቴ ቸርች መሄድ ትታለች። ለምን ስላት ጉልበቴን ትለኛለች።»

4 ሰዓት፣ ነቀምቴ

ሐኪሙ የልጄ እኩያ ነው። «ጉል...» ብዬ ጀመርኩ። ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ፤ «ሽንቴን» አልኩ። አልሳቀም። የሚሠራ እንቅስቃሴ አሳየኝ፣ መድኃኒትም እንዳለው ነገረኝ።

«እንደኔ የሚመጣ አለ?» አልኩት።

«አይመጡም እንጂ ብዙ ናቸው።»

9 ሰዓት፣ ገመዱ ጋ

ልጅቷ የለችም፤ ፈረቃዋ አልቋል። ሌላዋ እጇን ወገቤ ላይ አሳረፈች። እትዬ አስካለ እዚያው ከኋላዬ ናቸው። ሳትጠይቀኝ «የሽንት ጨርቅ ነው» አልኳት፤ ድምፄን አልቀነስኩም።

«ጠዋት እዚህ ለነበረችው ልጅ ንገሪልኝ፤ ያቺ ጨርቅ የታጠቀችው ሴት፣ እናትሽን ነቀምቴ ውሰጃት፣ ጉልበቷን አይደለም፣ መድኃኒት አለው ብላለች በያት።»