ሥራ የፈታው ጣሳ

ስድስተኛ ክፍልን እንደ ጨረስሁ ቤት ዋልሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ባሕር ዳር ያለው ቀበሌያችን መዋዕለ ሕፃናት ሲከፍት ማንበብና መጻፍ የምትችል ልጃገረድ ተፈለገችና እኔ ተላክሁ። ሰው ፊት መናገር አልችልም። እንግዳ ሲያነጋግረኝ ነጠላዬን አፌ ላይ እይዛለሁ። ከሕፃናት ጋር ግን እንዲያ አይደለሁም።

መጀመሪያ ለጥቂት ሳምንት አሠለጠኑን። አሠልጣኛችን መጫወቻ የሚገዛበት በጀት እንደሌለ ነገሩንና ከወዳደቁ ዕቃዎች መሥራት አሳዩን፤ ከቆርኪ መቁጠሪያ፣ ከካርቶን ቤት፣ ከብጥስጣሽ ክር አሻንጉሊት። «ሕፃኑ የተጣለውን ሲያነሣ አካባቢውን መጠበቅ ይማራል» አሉን። ደብተሬ ላይ ጻፍሁት። ዛሬም አለ።

ልጆቹን «ነገ ከቤታችሁ የወደቀ ዕቃ ይዛችሁ ኑ» አልኋቸው። ሦስት ጠርሙስ፣ አንድ ጆንያና አንድ እግር የጎማ ጫማ መጣልኝ። ከሰዓት በኋላ እናቶቹ ተከታትለው መጡ። ጠርሙሱ የላምባ መግዣ ነበር። ጆንያው መኝታ ነበር። ጫማውም ጓደኛው እቤት እየጠበቀው ነበር።

«የወደቀ ነው ያለሽ ማነው?» አለችኝ አንዷ ጆንያዋን እያራገፈች። «በኛ ቤት የወደቅሁት እኔ ነኝ! እኔን ውሰጅና መጫወቻ ሥሪብኝ!»

ሌሎቹ ሳቁ። እኔም ነጠላዬ ውስጥ ሳቅሁ። ከነዚህ ቤቶች የሚወድቅ ነገር እንደሌለ ያን ቀን ገባኝ። ልብሱ ሲያልቅ መወልወያ ይሆናል፤ መወልወያው ሲያልቅ የቀዳዳ ውታፍ ይሆናል።

ስለዚህ ልጆቹን ጣና ዳር ወሰድኋቸው። መርከቡ ከሚቆምበት ወዲህ ውኃው የተፋውን ለቀምን፤ ቆርኪ፣ የሲጋራ ፓኮ፣ የተበጠሰ መረብ፣ ታንኳ ሲያረጅ የሚጣለውን ደንገል። ለሠራተኞች ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር «ሕፃናቱም አንድ ነገር ያቅርቡ» ሲሉ፣ ሐይቁን በሳንቃ ላይ ልንሠራው ተነሣን። ዳርቻው ደንገል፣ ጠጠሩ ቆርኪ ሆነ። ውኃውን በሰማያዊ ብጥስጣሽ ክር አለበስነው። ዓሣ ብቻ ቀረን። ከካርቶን ብቆርጥላቸው ልጆቹ አልወደዱትም።

«እትዬ፣ የሞተ ይመስላል» አሉኝ።

በማግሥቱ ከሁሉም ዝምተኛዋ፣ ስድስት ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ አንድ ጣሳ ይዛ መጣች። እጀታ ተበይዶለታል። ጎኑ ላይ በምስማር ጫፍ ነጥብ ነጥብ ተደርጎ አበባ ተሥሎበታል። ታቹ ግን ዝጎ ተበስቷል።

«ከየት አመጣሽው?»

«ከግድግዳ። ሥራ የለውም እኮ እትዬ፣ ያፈሳል።»

እናቷን መጠየቅ እንዳለብኝ አበባውን ሳይ አውቄ ነበር። ቤታቸው ሩቅ አልነበረም። ግን ሄዶ በር ማንኳኳት፣ ቆሞ ማነጋገር ነበረበት፤ ሳንቃውም በማግሥቱ ይፈለጋል። የቆርቆሮ መቀስ ተውሼ ቆረጥሁት። ነጥብ ነጥቡ ያለበትን ጎን ለትልቁ ዓሣ አደረግሁት፤ ሳንቃው ላይ በምስማር ስመታው ልክ ቅርፊት መሰለ። ልጆቹ አጨበጨቡ። እጀታውን ለልጅቱ መለስሁላት።

ጧት ሳንቃውን ወደ ቀበሌ አዳራሽ እንደ ወሰዱት የልጅቱ እናት እጀታውን ይዘው መጡ። ረጅም፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሴት ናቸው።

«አንች ነሽ አስተማሪዋ? ጣሳዬስ?»

«እማማ፣ ዓሣ አድርጌዋለሁ» አልሁ።

እጀታውን ገልብጠው አዩት። «ትልቁ ልጄ የሠራው ነው። ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ለውትድርና የወሰዱት ዕለት ውኃ የጠጣው በሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም የለ። ማፍሰሱንማ መች አጣሁት? ልቀዳበት አይደለም የሰቀልሁት።» እጀታውን በነጠላቸው ጠረጉት። «ዓሣም ይሁን ግድ የለም። እጁ የነካው ነው። ስጭኝ።»

ጉጠት ይዤ ሮጥሁ። አዳራሹ በር ላይ ሳንቃው ለአውራጃው ኤግዚቢሽን መኪና ላይ ሲጫን ደረስሁ። ሊቀ መንበሩና አንድ ወጣት ካድሬ አጠገቡ ቆመዋል።

«ሠሪዋ ይችውላችሁ» አሉ ሊቀ መንበሩ።

ካድሬው ትልቁን ዓሣ በጣቱ መታ መታ አደረገው። «ቅርፊቱ ሳይቀር! ይህንስ እንዴት አወጣሽው?»

ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝሁ።

«ምላሷን ዓሣው በልቶባታል» አለ አንዱ ጫኝ። ሁሉም ሳቁ።

«ምን ፈልገሽ ነው፣ ልጄ?» አሉ ሊቀ መንበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ጉጠቱ ነጠላዬ ውስጥ እጄን ይበርደኝ ነበር። ብናገር ነቅለው ይሰጡኝ እንደ ነበር አሁንም አምናለሁ።

«ምንም» አልሁ።

መኪናው ሄደ።

ለእናቲቱ ከበዓሉ በኋላ ይመለሳል አልኋቸው። በዓሉ አለፈ። ልጅቱን ሊወስዱ በመጡ ቁጥር በር ላይ ይጠይቁኛል።

«መጣ?»

«ገና ነው፣ እማማ።»

ሰኔ ገባ። እንደ ምንም ራሴን አደፋፍሬ አውራጃው ጽሕፈት ቤት ሄድሁ። ዘበኛው ሳንቃውን አስታወሰው። «እሱማ ጥሩ ሳንቃ ነበር» አለኝ፤ «መስታወቱ የረገፈ መስኮት ደፈንበት።» መስኮቱንም አሳየኝ። ጥጉ ላይ ሰማያዊ ክር እንደ ተጣበቀ ነበር።

«ዓሦቹስ?»

«የተለጠፈውን ፍቀን ጣልነዋ።»

«የት?»

«ወደ ሐይቁ ነዋ፤ ሌላ የት ይጣላል?»

አሠልጣኛችን ይህን ቢያዩ ምን ይሉ እንደ ነበር አላውቅም። የኛን ሳንቃ እነሱም መልሰው ሠርተውበታል።

አንድ ሳምንት ሙሉ ከልጆቹ ጋር ዳር ዳሩን ለቀምን። የምፈልገውን አልነገርኋቸውም። ልጅቱ ግን ገብቷታል፤ ቆርቆሮ ካልሆነ አታነሣም። ሁለት ትንንሽ ዓሦች ዝገው አገኘን። ትልቁ የለም። ጎርፉ ያመጣው ጭቃ ዳሩን አልብሶታል።

ከዚያ አንድ ቀን ጠመኔ ልቀበል ቀበሌ ብሄድ እናቲቱ ጸሐፊው ፊት ቆመዋል።

«መጣ?» ይሉታል። የልጃቸውን ደብዳቤ ነው።

«ገና ነው፣ እናት» አለ ጸሐፊው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። እንዴት እንዳለው አወቅሁት። እኔም እንዲያ ነው የምለው።

ከሥራ ስወጣ ቤታቸው ሄጄ አንኳኳሁ። ግድግዳው ላይ፣ ጣሳው በነበረበት ምስማር፣ እጀታው ብቻውን ተንጠልጥሏል። መንገድ ላይ ደጋግሜ ያጠናሁትን ጀመርሁ።

«እማማ፣ ዓሣው…»

እጃቸውን አነሡ። «ተይ። እዚህ አትንገሪኝ። ነገ በር ላይ እጠይቅሽ የለ?»

በፕላስቲክ ኩባያ ውኃ ሰጡኝ። ጠጥቼ ወጣሁ።

በማግሥቱ እያካፋ መጡ። ልጅቱ በሁለታችን መካከል ቆማ አንጋጣ ታየኛለች።

«መጣ?»

«ገና ነው፣ እማማ» አልሁ።

«እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ። ልጅቱን ነጠላቸው ውስጥ አስገብተው ሄዱ።