አላውቃትም ያልኩበት ጠዋት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ ግልፍተኝነቴን ዘርዝሬ ስጨርስ «ሌላስ አለ ልጄ?» ይሉኛል፤ እኔም «የለም አባቴ» ብዬ መስቀል ተሳልሜ እወጣለሁ። ስድስት ዓመት እንዲሁ ስወጣ ኖርኩ። አሁን ለማታውቁኝ ለእናንተ የምናገረው ድፍረት አግኝቼ አይምሰላችሁ። ፊታችሁን ስለማላይ ነው።

ሰናይት እባላለሁ። ሐዋሳ አውሮፕላን ማረፊያ፣ መንገደኛ መቀበያው ባንኮኒ ላይ እሠራለሁ። ትኬት አያለሁ፣ የመታወቂያውን ፎቶ ከሰውየው ፊት ጋር አስተያያለሁ፣ ሻንጣ እመዝናለሁ፣ የመሳፈሪያ ወረቀት እሰጣለሁ። መታወቂያ የሌለው ወይም ጊዜው ያለፈበት ሰው አይሳፈርም፤ መመሪያው ይኸው ነው። በዚህ የተነሳ ያልጠጣሁት ስድብ የለም። አዲስ አበባ ለመድረስ፣ አንድ ሰዓት ለማይሞላ በረራ፣ በገዛ አገሬ ማን መሆኔን ለምን ትጠይቂኛለሽ የሚለኝ ብዙ ነው። ጥርሴን ነክሼ ፈገግ እላለሁ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለእሱም ጭምር ነው።

ታዲያ በዚያን ጊዜ መመሪያው አንዲት ቀዳዳ ነበረችው። መንገደኛውን የሚያውቅ ሠራተኛ ካለ «ማንነቱን አውቃለሁ፣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» በሚል ቅጽ ላይ ይፈርማል፤ የፈረቃው ኃላፊ ያጸድቅና ሰውየው ይሳፈራል። እኔ ለብዙ ሰው ፈርሜያለሁ። ቦርሳውን ረስቶ ላብ በላብ ሆኖ ለመጣ ሙሽራ ፈርሜያለሁ። ዩኒቨርሲቲ ላስተማረኝ መምህር ፈርሜያለሁ፤ ያውም «ሲ» ውጤት የሰጠኝ ነው። ገበያ ቅቤ ለሚሸጡልኝ ሽማግሌ ፈርሜያለሁ። ለእህቴ ግን አልፈረምኩም።

እህቴ ብልም ከእናቴ ማህፀን አልወጣችም። የወይንሸት እናትና የእኔ እናት እዚሁ ሐዋሳ ፒያሳ ጎን ለጎን ሱቅ ነበራቸው፤ እናቴ የተማሪ ዩኒፎርም ትሸጣለች፣ ያቺኛዋ ጫማ። የወይንሸት እናት ስትሞት እናቴ ልጅቷን እጇን ይዛ ታቦር ወዳለው ቤታችን አመጣቻት። ወይንሸት ሰባት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ስምንት። «ከዛሬ ጀምሮ እህትሽ ናት» አለችኝ፤ በቃ፣ ያ ብቻ ነው የተነገረኝ። አሥራ ስድስት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኛን። እግሯ ሲበርዳት እኔ እግር ላይ ነበር የምታሞቀው።

ቀናሁባት። አለዝቤ አልናገረውም፤ ቀናሁባት። እሑድ እሑድ እናቴ የወይንሸትን ጸጉር ራሷ ቁጭ ብላ ትሠራላታለች፤ እኔን ጎረቤት ትልከኛለች። ሳኮርፍ «አንቺ እናት አለሽ፣ ምን ጎደለሽ?» ትለኛለች። እናት ካለኝ ታዲያ ጸጉሬን ለምን ጎረቤት ይሠራዋል? ይህን በስምንት ዓመቴ ጠየቅኩ፤ ሠላሳ ሲሞላኝም መልስ አላገኘሁለትም። ለበዓል ለሁለታችን አንድ ዓይነት ጨርቅ ይገዛል፣ ቀለሙን የምትመርጠው ግን ወይንሸት ናት። እኔ ስታመም መድኃኒት ይሰጠኛል፤ እሷ ስትታመም እናቴ አጠገቧ ታድራለች። የባሰብኝ ደግሞ ልጅቷ ክፉ አለመሆኗ ነው። ክፉ ብትሆን እንዴት በተመቸኝ ነበር! የተሰጣትን ሁሉ ታካፍለኛለች፤ ከረሜላም ቢሆን፣ ከእናቴ ጋር ያወሩትንም ቢሆን። የገዛ እናቴን ፍቅር ከእሷ እጅ እየተካፈልኩ አደግኩ።

አደግን፣ ሁለታችንም አገባን። ወይንሸት ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ገባች፣ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። እኔ ከእናቴ ቤት አሥር ደቂቃ የማይሞላ ቦታ ተከራየሁ። ቅርብ ብሆን የምትጠራኝ መስሎኝ ነበር። የምትጠራው ወይንሸትን ነበር።

ከስድስት ዓመት በፊት እናቴ ልቧን ታመመችና አጎቴ አዲስ አበባ ይዘዋት ሄዱ። ቀዶ ጥገናው ለሐሙስ ስምንት ሰዓት ተያዘ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አጎቴ ደወሉልኝ። እናቴ ወይንሸትን ሳላይ ቀዶ ጥገና አልገባም ብላለች፣ በጠዋቱ አውሮፕላን አሳፍሪያት አሉኝ። እኔንስ አልጠራችም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። «አንቺማ ሥራ ላይ ነሽ» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። ግን ወይንሸትስ ሥራ አልነበራትም?

ለወይንሸት ደወልኩላት። ደነገጠች፤ መታወቂያዋ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል። ከታቦር ወደ ምሥራቅ መሸኛ ለማዛወር ቀበሌ ለቀበሌ ስትንከራተት እንደከረመች አውቃለሁ። «አታስቢ፣ እኔ አለሁልሽ፣ እፈርምልሻለሁ» አልኳት። ይህን ስላት ከልቤ ነበር። እመኑኝ ማለት እንደማልችል አውቃለሁ፤ ግን ከልቤ ነበር።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መጣች። ተራዋ ሲደርስ ቅጹን አውጥቼ እስክሪብቶ ይዤ ነበር። ወይንሸት ወደ እኔ ጎንበስ አለችና፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ፣ እናቴ ንጋት ላይ እንደደወለችላት ነገረችኝ። ድምፅሽን ልስማ ብላ ነው አለችኝ። ረጅም ሰዓት አወሩ። ወይንሸትም አይዞሽ እየመጣሁ ነው አለቻት። ይህን የምትነግረኝ እንደ ከረሜላው ልታካፍለኝ ነው፤ ደስ እንዲለኝ ነው።

የእኔ ስልክ ባንኮኒው ላይ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ አጠገቤ አድርጌው ነው ያደርኩት። አልጮኸም። እናቴ ልትሞት በምትችልበት ቀን የማንን ድምፅ ልስማ አለች?

ወዲያው የፈረቃው ኃላፊ መጡ። ከአዲስ አበባ ከተዛወሩ ገና ሳምንታቸው ነበር፤ የቤታችንን ነገር አያውቁም። መታወቂያውን አንስተው አገላብጠው አዩት። የእኔና የእሷ የአባት ስም አይገናኝም፤ እህቴ መሆኗን የሚናገር አንዲት ፊደል አልነበረበትም። ወረቀቱ ያላወቀውን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ታውቂያታለሽ?» አሉኝ።

«አላውቃትም» አልኩ።

አላውቃትም አልኩ። ማንም አላስገደደኝም፤ አፌም አልተሳሳተም። አንድ አልጋ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት አብሬያት ያደርኩትን ልጅ አላውቃትም አልኩ። ቅጹን ወደ መሳቢያው መለስኩ። ወይንሸት አየችኝ። ቁጣ ቢሆን በተሻለኝ፤ የታመምኩ መስሏት ትኩሳቴን ልትለካ የፈለገች ነበር የምትመስለው። እህቴ ናት ብላ መጮህ ትችል ነበር። ስልኳን አውጥታ ፎቶአችንን ማሳየት ትችል ነበር። እሷ ግን ወደ ኃላፊው ዞር ብላ «መታወቂያዬን ሳላሳድስ መምጣቴ የእኔ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ» አለች። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከኋላዋ የነበረውን መንገደኛ «ቀጣይ» ብዬ ጠራሁ።

ምን ተሰማኝ? እውነቱን ልናገር የመጣሁ ስለሆነ ልናገረው፤ ቀለለኝ። የሚጠብ ጫማ እንዳወለቀ ሰው ቀለለኝ። አውሮፕላኑ ሲነሳ ባንኮኒዬን እየወለወልኩ ነበር።

ወይንሸት መናኸሪያ ሄዳ በሚኒባስ ተሳፈረች። ሆስፒታል የደረሰችው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ እናቴ ከገባች አንድ ሰዓት ሆኗት ነበር። አጎቴ እንደነገሩኝ እናቴ በተሽከርካሪው አልጋ ላይ ተኝታ እስከ በሩ ድረስ «መጣች?» እያለች ነበር። አልመጣችም አሏት፤ እያለቀሰች ገባች።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። ስትነቃ ወይንሸት አጠገቧ ነበረች። የት ቀረሽ ስትላት «አውሮፕላኑ አመለጠኝ» አለቻት። ያ ብቻ ነው። ስሜን አላነሳችም። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ቅዳሜ ፈቃድ ወስጄ ስደርስ መጀመሪያ የያዘችው የእኔን እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ስልኬ መጮህ ጀመረ። ጠዋት ትደውልልኛለች፣ ማታ ትደውልልኛለች። ለጠያቂዎቿ «በሕይወቴ አንድ ቀን ጠርቻት ቀረችብኝ፤ ለካ የወለዱት ይሻላል» ትላለች። እኔ እዚያው ተቀምጬ እሰማለሁ። ወይንሸት እሑድ እሑድ ምግብ ሠርታ ትመጣለች፤ እናቴ እንደ እንግዳ «ተቀመጪ» ትላታለች። ዕቃ አጥባ ትሄዳለች። ከሄደች በኋላ እናቴ ስለ እሷ ልጆች ሳይሆን ስለ እኔ ልጆች ታወራለች። እኔስ? አዝኜ ነበር እንድላችሁ ትፈልጋላችሁ። ደስ ብሎኝ ነበር። አምስት ዓመት ደስ ብሎኝ ኖርኩ። የሰረቅኩትን እየበላሁ ወፈርኩ።

አምና የመንገደኛው ቅሬታ በዛና ፒያሳ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ውይይት ተጠራ። የአገር ውስጥ መንገደኛ መታወቂያ የማሳየት ግዴታ ይኑርበት ወይስ ይቅር፤ ሠራተኛ የሚፈርምበት ቅጽስ ይቀጥል ወይስ ይሰረዝ ነው ነገሩ። አንዲት የዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህርት ግዴታው የሚጎዳው ከገጠር ለሕክምና የሚመጣውን ነው ብላ ተከራከረች። ሌላው «አጠገቤ ማን እንደተቀመጠ ሳላውቅ አልበርም» አለ። እኔ ነባር ሠራተኛ ነሽ ተብዬ ተጋብዤ ነበር፤ ተነስቼ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። መታወቂያው ግዴታ ይሁን፣ ቅጹ ደግሞ ይሰረዝ አልኩ። ሠራተኛ በትውውቅ የሚያሳልፍና የሚያስቀር ከሆነ ፍትሕ የለም፤ ወረቀት ለሁሉም እኩል ነው አልኩ። አዳራሹ አጨበጨበልኝ። የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም። ግን ባየሁት ቁጥር የሚከሰኝን ያን ቅጽ ላጠፋ እንደተነሳሁ ከእኔ በቀር ማን ያውቃል?

ያኔ የቅቤ ነጋዴው ሽማግሌ ከኋላ ተነሱ። አማርኛቸው በሲዳምኛ ላይ የተማሩት ነው፤ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

«የእኔ መታወቂያ ገጠር ቀርቶ ነበር። ሚስቴ አዲስ አበባ ታማ ተኝታለች። ይቺ ልጅ አውቀዋለሁ ብላ ፈረመችልኝ። ደረስኩ፣ አየኋት። አሁን ያ ወረቀት ይጥፋ ስትል ለምን እንደሆነ አልገባኝም።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ስለ ጸጥታ አንድ ሁለት ነገር ተንተባትቤ ተቀመጥኩ። ቅቤ የሚሸጡልኝን ሽማግሌ አውቃቸዋለሁ ብያለሁ።

ከአዳራሹ ወጥቼ በባጃጅ በቀጥታ ምሥራቅ ወይንሸት ቤት ሄድኩ። የልጆች ሥዕል እያረመች ነበር። «ያን ቀን ጠዋት...» ብዬ ጀመርኩ። እርሳሷን አስቀመጠች።

«ለእኔ አትንገሪኝ ሰናይ። እኔማ እዚያው ነበርኩ። የማታውቀው እማዬ ናት» አለችኝ።

እነግራታለሁ አልኩ። ማልኩላት። ግን ዛሬ ደክሟታል አልኩ፣ ነገ በዓል ነው አልኩ፣ ልቧ አይችለውም አልኩ። የእናቴን ልብ ሰበብ አደረግኩ። እውነቱ ግን ስልኬ ዝም እንዳይል ፈርቼ ነው። ወይንሸት አንድም ቀን ነገርሻት ወይ ብላ አልጠየቀችኝም። እሑድ እሑድ እየመጣች ዕቃ ታጥባለች።

ዘንድሮ እናቴ ሕመሙ ተመልሶባት አልጋ ያዘች። ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዷት አሉን። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እኔ አልጋው ጠርዝ ተቀምጬ ነበር፤ ወይንሸት ለእናቴ የሚጠጣ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እናቴ ያላየቻት እንደሆነ፣ ያየቻትም እንደሆነ አላውቅም። እጇን ራሴ ላይ ጫነች።

«ስጠራሽ ደርሰሽልኛል፤ ጠርተሽ የምታጪው አይኑርሽ። እኔ ባንቺ እንዳረፍኩ በልጆችሽ እረፊ» አለችኝ።

ያ ምርቃት የማን እንደሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለታችን እናውቅ ነበር። ወይንሸት ብርጭቆውን እንደያዘች አየችኝ። አላጣደፈችኝም፤ ጠበቀችኝ። ጊዜ ነበረኝ፤ እናቴ ዓይኗ ክፍት ነበር፣ ትሰማ ነበር። «እማዬ፣ ያስቀረኋት እኔ ነኝ» ለማለት ስንት እስትንፋስ ይፈጃል?

ሁለት ቀን ቆይታ አረፈች።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ መመሪያው ነው ብላችሁም አታጽናኑኝ። መመሪያውን ስንት ጊዜ እንደጣስኩት ነግሬያችኋለሁ። ልጅ ሆነሽ ተበድለሻል የሚለኝም ካለ ይተወው፤ ያን ረፋድ ልጅ አልነበርኩም፣ የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ። ዝም ብል እንኳ ምርቃቱ ባለቤቱ ጋ የሚደርስበት መንገድ ይኖር ይሆን ነበር። እኔ ግን ወይንሸት እያየችኝ ራሴን ዝቅ አድርጌ፣ ጮክ ብዬ፣ «አሜን» አልኩ።