«በሞቴ» ያላለችኝ ሴት

ጣሊያን አገር መሄድ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ የሄደችው ግን ታናሽ እህቴ ናት። ይህ በደል ነው። አያታችን ጃጀች ሳትሉ አንብቡት።

ጣሊያን በጦር ሳይመጣብን በፊት፣ አዳማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ ጣሊያናዊ ነጋዴ ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። ልጃቸውን አዝዬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እህቴ ሲያሻት መጥታ ታጫውተው ነበር፤ ሲያለቅስ ለእኔ ትመልሰዋለች።

ሴትዮዋ አገሯን ልትጠይቅ ስትነሳ፣ በተሰባበረ አማርኛ «ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ?» አለችኝ። ልቤ ዘለለ። ግን ጨዋ ልጅ ገና ሲጠይቋት እሺ አትልም። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ «አይ፣ ይቅርብኝ» አልኩና «በሞቴ» እስክትለኝ ጠበቅሁ። እሷ ወደ እህቴ ዞረች።

«አንቺስ?»

«እሺ!» አለች እህቴ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ።

ገና ስትጠየቅ እሺ አለች ብዬ እህቴን ለእናቴ ከሰስኳት። እናቴ ጣቢያው ድረስ ሄዳ፣ «ሁለተኛ እንዲህ ብታዋርጂኝ!» ብላ ጭኗን ቆነጠጠቻት። አላስቀረቻትም ግን።

ክረምቱ አልፎ ስትመለስ ጫማ ተጫምታለች። ጎረቤት ተሰበሰበ። ውሃ ላይ ስለተሠራችው ቬኒስ፣ አንገት እስኪያም ቀና ተብሎ ስለሚታየው የሮማ ቤተ ክርስቲያን አወራች። ፒሳ ላይ ደግሞ የተንጋደደ ረጅም ግንብ አለ አለች።

«ታዲያ ባላ አያስደግፉትም?» አሉ ከወሎ የመጡ ጨርቅ ሻጭ ጎረቤታችን።

«እንደተንጋደደ ነው የሚወዱት፣ አባባ።»

«ወይ ጉድ! የኔ አጥር ሲንጋደድ ሚስቴ እንቅልፍ ትነሳኛለች!»

ሁሉም ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም። ያ ግንብ የኔ ነበር። በማግስቱ ከቤታችን በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ወጥቼ፣ ከግንቡ ጫፍ ምን ምን እንደሚታይ ልገምት ሞከርኩ። የታየኝ የአዳማ አቧራና የባቡሩ ጭስ ነው። ስወርድ የአጥራችንን ቋሚ ገፍቼ አንጋደድኩት። አልወደቀም፤ ግንብም አልመሰለም።

ዓመታት አለፉ፤ ሁለታችንም ወለድን፤ ቅናቴ ግን አልበረደም። አንድ ቀን በቆሎ ስንፈለፍል አላስችል አለኝ።

«ልትነግሪኝ ይገባል። ከዚያ ግንብ ላይ ሆነሽ ምን አየሽ?»

እጇ በቆሎው ላይ ቆመ።

«አልወጣሁም እኮ፣ እትዬ። ሴትዮዋ ‹ትወጫለሽ?› አለችኝ። የእናታችን ቁንጥጫ ትዝ አለኝና ‹አይ፣ ይቅርብኝ› አልኳት። ልጁን አስታቅፋኝ ብቻዋን ወጣች።»